የተማሪው ስንቅ ከማን ጓዳ ይወጣል?

«እገሌ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ ሄደ» የሚል ወሬ በአገራችን ሲሰማ፣ አድማጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሄደበትን አገር ነው። ቀጥሎ የትምህርቱን ዓይነት ይጠይቃል፤ ዘመድ ከሆነም መቼ እንደሚመለስ ማወቅ ይፈልጋል። «ወጪውን ማን ቻለለት?» የሚለው ጥያቄ ግን ነውር ይመስል በዝምታ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ያንን የታለፈ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያን ምሁራን ታሪክ ብዙዎች ከፖለቲካው አንጻር ጽፈውታል፤ ከስንቁ አንጻር ሲመረመር ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ስንቅ ሰፋሪው ብዙውን ጊዜ የመንገዱንም አቅጣጫ ይመርጣልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ተማሪን ለረጅም ዓመታት የመደገፍ ልማድ ከውጭ የመጣልን አለመሆኑ ነው። ለዜማ ወደ ቤተልሔም፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይጓዝ የነበረው የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ይዞ የሚወጣው ደበሎውንና አኮፋዳውን ነበር። ዳዊት ከደገመ በኋላ ያለው ትምህርት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ስለ ነበር፣ በድካሙም ሆነ በጥልቀቱ ዛሬ «ድኅረ ምረቃ» ከምንለው የሚያንስ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪውን የሚቀልበው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ተማሪው በእመቤታችን ስም እየለመነ በየደጁ ይቆማል፤ ባላገሩም ከማዕዱ ቁራሽ ያካፍለዋል። መምህሩ ደግሞ ደብሩ በያዘው መሬት ይተዳደራል። ሥርዓቱን ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም፤ ረኃብና በሽታ በየመንገዱ ያስቀሩት ተማሪ ብዙ ነበር፤ ሴቶችንም ከሞላ ጎደል አግልሏል። ነገር ግን ቁራሹን የሰጠው ገበሬ ተማሪውን «ምን ልትማርልኝ ነው?» ብሎ አላስጨነቀውም። የትምህርቱን ይዘት የወሰኑት ሊቃውንቱ ነበሩ።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የስንቁ ምንጭ ተለወጠ። በ1887 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አፈወርቅ ገብረየሱስ ወደ ጣሊያን ተላኩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ማንም ልኳቸው አልሄዱም፤ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ማግስት የእንግሊዝ መኮንኖች በሕፃንነታቸው ይዘዋቸው ሄደው በሕንድ አገር አስተማሯቸው። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝም በልጅነታቸው በምጽዋ በኩል ወጥተው፣ ባዕድ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳድጓቸው በኦስትሪያና በጀርመን እንደ ተማሩ ይነገራል። ከእነዚህ አራት ሰዎች ተክለሐዋርያት የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ረቂቅ አዘጋጁ። ገብረሕይወት በ1919 ከሞቱ በኋላ በ1924 የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አወረሱን። የጥበብ ሥራ ሊማሩ የተላኩት አፈወርቅ ደግሞ በ1908 የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ አሳተሙ፤ በኋላ ግን ከፋሺስት ጣሊያን ጎን ተሰለፉ። ስለዚህ ስንቅ ሰፋሪው አቅጣጫ ቢያሳይም የሰውን ልብ ሙሉ በሙሉ አይገዛም።

ራስ ተፈሪ፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶችን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብጽና ወደ አሜሪካ ላኩ። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት መላኩ በያን ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ በጦርነቱ ዘመን በኒውዮርክ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያሰባሰቡትም እሳቸው ነበሩ። በዚህ ሥርዓት የትምህርት ወጪ የንጉሡ ችሮታ ነበር፤ ተማሪው ሲሄድ እጅ ነሥቶ፣ ሲመለስም እጅ ነሥቶ ይቀበላል። ችሮታ ደግሞ መስፈርቱ ለሁሉም በግልጽ የሚነገር አይደለም፤ ማን እንደሚመረጥና ለምን እንደሚመረጥ የሚያውቀው ቤተ መንግሥቱ ነው። ያም ሆኖ ያፈራው ትውልድ ለአገር ተስፋ ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (1937) ግራዚያኒን ለመግደል ከተደረገው ሙከራ በኋላ ፋሺስቶች አሳድደው ካጠፏቸው መካከል ብዙዎቹ እነዚህ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ትውልድ ድካም ፈሰሰ።

ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ፤ ነገር ግን የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ስለ ነበር፣ ማስተርስና ዶክትሬት የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ግዴታው ሆነ። ከዚህ በኋላ ዋናዋ ስንቅ ሰፋሪ አሜሪካ ነበረች። «ፖይንት ፎር» በተባለው የእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ የጅማን የእርሻ ትምህርት ቤትና የአለማያን ኮሌጅ አቋቋመ። ከ1963 ጀምሮ «አፍግራድ» የተባለው የአፍሪካውያን የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር ተጨመረ፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ክፍያ ሲተዉ፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ የኑሮውን ወጪ ይሸፍን ነበር። ከአገራችን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ያገኙት በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው።

ስንቅ ሰፋሪዎቹ ያልጠበቁት ነገር ግን ከዚሁ ተወለደ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1958 ለአፍሪካ ወጣቶች ሁለት መቶ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከተጠቃሚዎቹ ተማሪዎች ወገን ነበሩ። ከቅኝ አገዛዝ ጋር ሲታገሉ ያደጉት እነዚህ ወጣቶች ለኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው የፖለቲካ ክርክርን አስለመዷቸው። በአሜሪካ ገንዘብ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ያሉበት የተማሪዎች ማኅበር አባላትም በ1969 በዋሽንግተን የኢትዮጵያን ኤምባሲ ተቆጣጠሩ። በዘመኑ ሹማምንት ዓይን እነዚህ ሁሉ የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን ወጪቱ የተሞላው በገበሬው ግብር መሆኑን መቁጠር ጀምረው ነበር።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰፋሪው ተለወጠ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባና ወደ ሌሎችም ሶሻሊስት አገሮች ሄዱ። በዚሁ ዘመን የተደረገ አንድ መልካም ነገር ግን ሳይጠቀስ ሊቀር አይገባም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ ማስተርስ መማር የማይታሰብ ነበር። ይሁንና የምርምሩን ገንዘብ በብዛት የሰጡት እንደ ስዊድን ያሉ የውጭ መንግሥታት ናቸው። ትምህርት ቤቱ የእኛ ሲሆን የቤተ ሙከራው ስንቅ የሌላ ሆነ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በምሳሌ እንየው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ዶክትሬታቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ አግኝተው በተመለሱ ጊዜ፣ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል በገዛ ደጃችን ተገኘ። ጥያቄው ከአገሩ የመነጨ ነበር፤ ስንቁ ግን አልነበረም። ስለዚህ እንዶድ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ውድ የሆኑ ተደጋጋሚ ሙከራዎች ሲጠየቁ፣ ነገሩ በርካታ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ቢያገኙም፣ የድሃው ገበሬ ልጅ ግን እንዶዱን እንደ ታሰበው አላገኘውም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ ከጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ አለማያ ተሻግረው በ1973 ተመረቁ። በዚያው ዓመት የማሽላ ዝርያ ሊሰበስቡ የመጡትን የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን አክስቴልን ረዱ፤ አክስቴልም ችሎታቸውን አይተው በእሳቸው ሥር እንዲማሩ ጋበዟቸው። ገቢሳ በ1978 ዶክትሬታቸውን ጨረሱ፤ ድርቅ የሚቋቋም ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ፤ አቀንጭራን የሚቋቋም ዝርያም አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህ ታሪክ ዛሬ የትምህርት ዕድል ለሚፈልግ ወጣት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ በሳይንስ ዘርፍ ዶክትሬት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ አይከፍልም፤ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ ክፍያው ይቀርለታል፣ ወርኃዊ አበልም ያገኛል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ስንቅ አለ። አንደኛው ተማሪውን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ጥያቄውን ተማሪው ራሱ ይመርጣል። ሁለተኛው የመምህሩን ምርምር ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ጥያቄው አስቀድሞ ተመርጧል። ገቢሳ ዕድለኛ ነበሩ፤ የመምህራቸው ጥያቄና የአገራቸው ጥያቄ ማሽላ ላይ ተገናኙ። የሁሉም ዕድል ግን እንዲህ አይገጥምም። በኢትዮጵያ ገበሬ ችግር ላይ ሊሠራ አስቦ ወጥቶ በሌላ አገር ችግር ላይ የተመረቀ ስንቱ ነው? ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ ስንቁ ወደዚያ መርቶት ነው።

የታሪኩ ከባድ ትምህርት ግን ይህ ነው፦ ሰፋሪው ራሱ ይጠፋል። ምሥራቅ ጀርመን በ1990፣ ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከካርታ ላይ ሲጠፉ፣ ሩብል ዋጋ ሲያጣም፣ በዚያ የነበረው ተማሪ አበል ቁርስ የማይገዛ ሆነ። የአፍግራድ ዋና ደጋፊ የነበረው ዩኤስኤይድም በሐምሌ 2025 እንደ ድርጅት ሥራውን አቁሞ ተዘጋ። ከሁለቱም ወገን የነበሩት ታላላቅ ሰፋሪዎች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለፉ። በሌላ በኩል በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በራሱ ገንዘብ ውጭ ልማር የሚል ቤተሰብ አቅሙ በግማሽና ከዚያም በላይ ተቆርጧል። በአገር ውስጥ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከአርባ በላይ ሆነው በዶክትሬት የሠለጠነ መምህር ይጠብቃሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የጀርመን፣ የስዊድን፣ የቻይና ወይም የሌላ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ለሚያመለክት ወጣት «ተው» የሚል ሞኝ የለም፤ ይውሰድ፣ ይማር። የእኔ ክርክር ከመንግሥትና ከእኛ ከዜጎች ጋር ነው። ጥያቄውን ተማሪው ራሱ የሚመርጥበት፣ መስፈርቱ በአደባባይ የሚለጠፍ፣ ውሳኔውን ካድሬ ወይም ዘመድ ሳይሆን የሙያው ሰዎች የሚሰጡበት አንድ አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ ድጋፍ ያስፈልገናል። ከቤተ መንግሥት ችሮታ ወደ ፓርቲ ችሮታ ከተሸጋገርን ምንም አላተረፍንም።

«ድሃ አገር ይህን ከየት ታመጣለች?» የሚል ይኖራል። መሠረቱ በ2011 ተጥሎ በመስከረም 2025 የተመረቀው የዓባይ ግድብ፣ የውጭ አበዳሪ ፊቱን ሲያዞርብን በአገር ውስጥ ገንዘብና ሕዝብ በገዛው ቦንድ ጭምር መሠራቱን ያስታውስ። በውጭ የምንኖረውም የግድቡን ቦንድ ገዝተናል፤ ግድቡን የሚጠብቁ፣ ኃይሉን የሚያከፋፍሉ፣ የወንዙን ውኃ የሚለኩ መሐንዲሶችን ማስተማር ከዚያ አይከብድም። ከዚህም በላይ፣ የቆሎ ተማሪውን ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማረው ባላገር ከእኛ ይልቅ ድሃ ነበር። ከራሱ ማዕድ ቆርሶ ሰጠ እንጂ «ስለሌለኝ ሌላ ያስተምርልኝ» አላለም።

ቸር ይግጠመን።