የቆርቆሮ ጣሪያ ማፍሰስ

የቆርቆሮ ጣሪያ ማፍሰስ የዝናብ ውኃ በክዳን ቀዳዳ ወይም መጋጠሚያ ሾልኮ ወደ ቤት የሚገባበት ብልሽት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ቆርቆሮ የተለመደ የቤት ክዳን በመሆኑ ችግሩ በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል።

መንስኤ፦ የላላ ሚስማር፣ ያረጀ የሚስማር ጎማ፣ ዝገት፣ በቂ ያልሆነ መደራረብና የተደፈነ አሸንዳ። በረዶ ሲጥል አሸንዳው ስለሚሞላ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በክዳኑ ሥር ይገባል።

አስቸኳይ እርምጃ፦ ውኃው አምፖል ወይም ሶኬት አጠገብ ከታየ በቅድሚያ ኤሌክትሪክ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይቋረጣል። ከዚያ ዕቃ ይነሣል፤ ባልዲ ወይም ሳፋ ይደቀናል። ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ኮርኒስ ሳይደረመስ፣ ከጎን ሆኖ በትንሹ ይበሳና ውኃው ወደ ባልዲ ይወርዳል። በዝናብና በመብረቅ ጊዜ ጣሪያ ላይ መውጣት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ጥገና፦ ውኃ በማገርና በወራጅ ላይ ተንሸራቶ ስለሚወርድ፣ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ከሚንጠባጠብበት ቦታ ሽቅብ ይገኛል። ቀን ላይ ከኮርኒስ በላይ ባለው ጨለማ የሚታይ ብርሃን ቦታውን ይጠቁማል። ዝናቡ ካባራና ክዳኑ ከደረቀ በኋላ ትንሽ ቀዳዳ በሬንጅ ወይም በሲሊኮን ይደፈናል፤ ሰፊ ጉዳት ለጊዜው በሸራ ይሸፈናል። የዛገ ቆርቆሮ ግን መለወጥ አለበት። አዲስ ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይደለም። ለዓመታዊ ፍተሻ አመቺው ጊዜ ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ነው።