ዓሊ ቢራና የጅቡቲ መንገድ

ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ ያለችው የጅቡቲ ከተማ ባሕርና ባቡር የሚገናኙባት በር ናት። ሐዲዱ በ1897 በአውሮጳ አቆጣጠር ከዚያ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ መንገድ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ቡናና ቆዳ፥ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ነው። ሆኖም ሰውና ሸቀጥ በሚመላለሱበት ሐዲድ ዜማም መመላለሱ አልቀረም። የአንድ ድምፃዊ ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ዓሊ መሐመድ ሙሳ በ1947 በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ድሬዳዋ የባቡሩ ልጅ ናት። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሬው፥ አማራው፥ ዐረቡ፥ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ የሚውሉባት ከተማ ስለ ነበረች፥ በዚያ ያደገ ልጅ ሦስትና አራት ቋንቋ ቢናገር ማንንም አያስደንቅም ነበር። ዓሊም ወላጆቹ ስለ ተለያዩ በአባቱ እጅ አደገ፤ በዐረቦች ትምህርት ቤት ገብቶም ዐረብኛ ተማረ። ዑድ የተባለውን የዐረቦች ባለ አውታር መሣሪያ ኋላ ከዘፈኑ ጋር የማይለይ ጓደኛው አደረገው። በኦሮምኛ፥ በአማርኛ፥ በሐረሪ፥ በዐረብኛና በሶማልኛ መዝፈኑ ከብልሃት ይልቅ ከመንደሩ የወረሰው ነው ማለት ይቻላል።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ አፍረን ቀሎ የሚባል የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። ትርጓሜው «አራቱ ቀሎዎች» ማለት ሲሆን፥ የሐረርጌን የኦሮሞ ነገዶች ያመለክታል። ዓሊ ገና ልጅ ሳለ ከዚህ ማኅበር ገባ። የመጀመሪያ ዘፈኑ ከክረምት በኋላ የሚመጣውን ብሩህ ወራት፥ በኦሮምኛ «ቢራ» የሚባለውን፥ የሚያነሣ ስለ ነበረ ሕዝቡ ስሙን ዓሊ ቢራ አለው፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ ጸና። በዚያ ዘመን ኦሮምኛ በትምህርት ቤት አይማሩበትም፥ በፍርድ ቤትም አይከራከሩበትም ነበር። ስለዚህ በሠርግ ቤት የሚዘፈን የፍቅር ዘፈን እንኳ በባለሥልጣን ዓይን ሌላ ነገር መስሎ ታየ። በ1965 ቡድኑ ታገደ፤ ከአባላቱም የታሰረ ታሰረ፥ የተሰደደ ተሰደደ።

ለድሬዳዋ ልጅ ስደት ማለት ብዙውን ጊዜ ጅቡቲ ማለት ነበር። ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ በቆላው በረሓ አልፎ ዓይሻን፥ ዓሊ ሳቢህንና ሆልሆልን እየቆጠረ ወደ ባሕር ይወርዳል። ዓሊም ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋር ሕጋዊ ወረቀት ሳይዝ ወደዚያው ሄደ።

የሄዱበት ጊዜ ግን መልካም አልነበረም። አገሪቱ ያን ጊዜ «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» እየተባለች በቅኝ ግዛት ትተዳደር ነበር፤ ገዢዎቿም ከውጭ የሚገባውን ሰው በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር፤ የነዋሪው ቍጥርና ነገድ የአገሪቱን ዕድል የሚወስን ሆኖ ነበርና። በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ከተማዪቱን ሲጐበኙ ሕዝቡ ነጻነት ጠየቀ፤ ከዚያም ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ በ1967ም ስለ ነጻነት የሕዝብ ድምፅ ተሰጠ። ዓሊ የደረሰው ከአጥሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ቢሆንም ወረቀት የሌለው ሰው ቀድሞውንም መቆሚያ አልነበረውም፤ ሁለቱ ወጣቶች ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በአገሩ መንግሥት የተከለከለው ዘፈኑ ነበር፤ በጅቡቲ ግን ማንም ዘፈኑን አልጠየቀውም፤ የተጠየቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። በ1966 ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጠረ፤ ማኅበሩን ያገደው መንግሥት የራሱ ዘበኛ ሙዚቀኛ አደረገው ማለት ነው። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ የዘፈኑበት ይህ ጓድ ሳክስፎን፥ ትራምፔትና ትሮምቦን አሰልፎ፥ የአሜሪካ የጃዝ ኦርኬስትራዎችን አደራደር ከአገር ቅኝት ጋር ያዋሐደ ነበር። በዚሁ ዓመት ሙላቱ አስታጥቄ በኒውዮርክ የኢትዮ ጃዝን መሠረት የጣሉ ሸክላዎች ያስቀርጽ ነበር። የሙዚቃ ሊቃውንት ዓሊን የጃዝ ዘፋኝ ብለው ላይመዘግቡት ይችላሉ፤ ደግሞም ትክክል ናቸው። ነገር ግን ከሠርግ ቤት ዑድ ተነሥቶ ከዚያ የናስ መሣሪያ ሰልፍ ፊት የቆመ ድምፅ ሁለቱን ዓለም አንድ ላይ መሸከም ነበረበት፤ ዓሊም ተሸከመው።

በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያ የሆነውን የሙዚቃ አልበም አወጣ። መምህራን ያን ጊዜ በክፍላቸው ሊያስተምሩበት ያልቻሉት ቋንቋ በሸክላ ታትሞ በየቤቱ ገባ። በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በውጭ አገርም ብዙ ዓመት ኖረ። በ2010 የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የመለሰችው ጅቡቲም በ1977 ነጻ አገር ሆና ነበር።

ዓሊ ቢራ ኅዳር 6 ቀን 2022፥ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በ75 ዓመቱ በአዳማ ከተማ ዐረፈ። አስከሬኑም የባቡሩ ልጅ ወደ ሆነችው የትውልድ ከተማው ወደ ድሬዳዋ ተወስዶ በዚያ ተቀበረ።