ካሩራ እንዴት ተረፈ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1999፣ ናይሮቢ፣ ሙታይጋ ፖሊስ ጣቢያ። የ58 ዓመት ፕሮፌሰር ከአናታቸው ደም እየወረደ ገቡና አቤቱታቸውን አሰሙ። በካሩራ ደን ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ዱላና ገጀራ በያዙ ሰዎች እንደተደበደቡ፣ አብረዋቸው ከነበሩት የምክር ቤት አባላት፣ ጋዜጠኞችና የውጭ አገር እንግዶች መካከልም የቆሰሉ እንዳሉ ተናገሩ። ፖሊሶቹ ቃላቸውን ተቀበሉ፤ ወደ ደኑ ሄዶ ደብዳቢዎቹን ለመያዝ ግን ፈቃደኛ አልሆኑም። ፈርሙ ሲባሉ ሴትየዋ ከቁስላቸው ደም በጣታቸው ነክተው ወረቀቱ ላይ ኤክስ አሰፈሩ።

ሴትየዋ ዋንጋሪ ማታይ ናቸው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሲሆኑ ዓለም ያወቃቸው በዛፍ ተካይነታቸው ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካሩራን ነገር ከሥሩ ላየ ሰው ግን የእሳቸውና የማኅበራቸው ትልቁ ሙያ ጥበቃው ነው።

ካሩራ በናይሮቢ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ 1,000 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ደን ነው። ቅኝ ገዥው መንግሥት በ1932 ጥብቅ ደን ብሎ ከለለው። አዲስ አበባ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ እንደተከለችው ሁሉ ናይሮቢም የባቡሯን እሳት የምታነድበት ባሕር ዛፍ ያስፈልጋት ነበርና፣ ከደኑ ከፊሉ በዚሁ የባዕድ ዛፍ ተሸፈነ። በቀረው ግን ወይራን የመሳሰሉ የአገሬው ዛፎች፣ የወንዞች ሸለቆ፣ ፏፏቴና ቅኝ ገዥውን የተዋጉት የማውማው ታጋዮች ይሸሸጉባቸው የነበሩ ዋሻዎች አሉ። ዙሪያውን ሙታይጋን የመሳሰሉ የባለጸጋ ሠፈሮችና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። መሬቱ ውድ የሆነው፣ የሚጎመዠውም የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋንጋሪ ከካሩራ ጋር የተዋወቁት ግን ከዚያ ድብደባ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሥራ አጦች እንጀራ ይሆናል ብለው አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋሙ፤ የችግኝ ጣቢያውም እዚያው ካሩራ ደን ውስጥ ነበር። በገንዘብና በውኃ እጦት ከሰረ። ሐሳቡን ወደ ኬንያ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት ወሰዱት። ጁን 5 ቀን 1977፣ በዓለም የአካባቢ ቀን፣ ከከተማው መሃል ተነሥተው ወደ ካሙኩንጂ ሜዳ በሰልፍ ሄዱ። ሜዳው ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከኢስሊ ሠፈር ብዙም አይርቅም። በዚያም ከተለያዩ ብሔረሰቦች ለተነሡ ሰባት ታዋቂ ሰዎች መታሰቢያ ሰባት ዛፎች ተከሉ። ከዛፎቹ መካከል እኛም የምናውቃቸው ዋንዛና ዝግባ ይገኙበታል። ግሪን ቤልት ሙቭመንት፣ ማለትም የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ፣ የተወለደው ያን ቀን ነው። ከሰባቱ ዛፎች አብዛኞቹ ግን ሳይጸድቁ ቀሩ።

ንቅናቄው ከዚህ ሳይማር አልቀረም። የመንግሥት የደን ባለሙያዎች ችግኝ ማፍላት ዲፕሎማ ይጠይቃል ቢሉም፣ የገጠር ሴቶቹ እህል እንደሚዘሩት አድርገው ዘሩት። በተሰበረ ሸክላና በተበሳ ጣሳ አፈር ሞልተው ዘር ጨመሩ፤ ፍየልና ዶሮ እንዳይደርሱበት ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጡት። ክፍያው ደግሞ በተለየ መንገድ ተሠራ። አንዲት ሴት ገንዘቧን የምትቀበለው ችግኟ ተተክሎ መጽደቁ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ክፍያው ለአንድ ችግኝ 4 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ደሃ ቤት ውስጥ ትርጉም ነበረው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ችግኙን የሚያጠጡት፣ የሚኮተኩቱትና የሚያጥሩት እንደ ራሳቸው ንብረት ሆነ። ዋንጋሪ ኖቤል እስከተሸለሙ ድረስ በዚህ መንገድ ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተተክለዋል።

ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት የተጋጠሙት በ1989 ነው። በናይሮቢ መሃል ለድሃውም ለሀብታሙም ክፍት በነበረው ኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊቆም እንደሆነ ሰሙ። ሕንጻው የገዥው ፓርቲ ካኑ ጽሕፈት ቤትና የፓርቲው ጋዜጣ መቀመጫ ይሆናል፤ ከፊቱ የፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ሐውልት ይቆማል። ዋንጋሪ ለሚኒስትሮች፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ከባለድርሻዎቹ አንዱ እንግሊዛዊ ከበርቴ ስለነበረ ለብሪታንያ ከፍተኛ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፉ። በለንደኑ ሃይድ ፓርክ ላይ እንዲህ ያለ ፎቅ ትሠራላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። በምክር ቤት ንቅናቄው የፈቱ ሴቶች ስብስብ ተብሎ ተሰደበ። ፍርድ ቤት ክሳቸውን ዘጋ። ከመንግሥት ቤት የነበረውን ቢሯቸውን በ24 ሰዓት ልቀቁ ተብለው ፋይላቸውን ጠቅልለው ወደ መኖሪያ ቤታቸው ገቡ። ይሁን እንጂ ጩኸቱ ውጭ አገር ደርሶ ባለ ገንዘቦቹ አፈገፈጉ፤ ዕቅዱ በ1990 መጀመሪያ ተሰናከለ፤ በፓርኩ ዙሪያ የታጠረው አጥርም በ1992 ተነሣ። በችሎት የተረታ ጉዳይ በአደባባይ ተረታ ማለት እንዳልሆነ ናይሮቢ ያን ጊዜ አየች።

በ1998 የካሩራ መሬት ተሸንሽኖ ለግለሰቦችና ለኩባንያዎች መሰጠቱ ሲታወቅ፣ ንቅናቄው ልምዱን ይዞ ገባበት። ደብዳቤ ተጻፈ፤ ጋዜጠኛ ተጠራ፤ ችግኝ ተጫነ። የደኑ በር ሲዘጋባቸው በረግረጉ በኩል አሳብረው ገቡ። በኦክቶበር በቁጣ የገነፈለ ሕዝብ የግንባታ መሣሪያዎችን አቃጠለ። በጃንዋሪ፣ ለጎልፍ ሜዳ በታሰበ ቦታ ላይ ሊተክሉ ሲሞክሩ በመግቢያችን የተነገረው ድብደባ ደረሰ። ድብደባው በካሜራ ተቀርጾ ስለነበር መንግሥት አልሰማሁም፣ አላየሁም ሊል አልቻለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። ኦገስት 16 ቀን 1999 ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ለግለሰብ መስጠትን ከለከሉ።

በ2002 ካኑ በምርጫ ተሸነፈ። ዋንጋሪም የምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎም ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። ለካሩራ ግን ከሹመታቸው ይበልጥ የጠቀመው በ2005 የወጣው የደን ሕግ ነው። ሕጉ በደን ዙሪያ የሚኖር ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ደኑን እንዲያስተዳድር መብት ሰጠ። እስከዚያ ድረስ ለካሩራ የሚጮኸው እየተደበደበ ነበር፤ አሁን በፊርማና በማኅተም የሚጠይቅ ባለ ጉዳይ ተፈጠረ።

የካሩራ ደን ወዳጆች ማኅበር በ2009 ሲመሠረት ደኑ ሰው በቀን እንኳ ብቻውን የማይደፍረው፣ ዘራፊ የሚሸምቅበት፣ ሬሳ የሚጣልበት ቦታ ነበር። ማኅበሩ ከኬንያ የደን አገልግሎት ጋር ተስማምቶ በለጋሾች ገንዘብ የኤሌክትሪክ አጥር አሠራ። አስቸጋሪው አጥሩ አልነበረም። በደኑ ጠርዝ ባለው የሁሩማ ድሃ መንደር ሰው ጭራሮ የሚለቅመው ከዚያው ነውና፣ አጥሩን በጥርጣሬ ማየቱ አይፈረድበትም። ማኅበሩ ከዚያው መንደር ወጣቶች ለጥበቃ ሥራ ቀጠረ። ጎብኚው አነስተኛ ክፍያ ከፍሎ ይገባ ጀመር፤ ገቢውም ለመንገዱና ለጥበቃው ዋለ። ባሕር ዛፉ ደረጃ በደረጃ እየተቆረጠ አገር በቀል ዛፍ ይተካበታል። ከደኑ ጠፍቶ የነበረው ጉሬዛ እንኳ ከሌላ አካባቢ መጥቶ ተለቅቆበታል።

ዋንጋሪ ማታይ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2011 በካንሰር አረፉ። ለሬሳ ሣጥናቸው ዛፍ እንዳይቆረጥ በተናዘዙት መሠረት ሣጥኑ ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእምቦጭ ተሠራ። መንግሥታዊ ሽኝቱ የተደረገላቸውም ፎቅ እንዳይሠራበት በተከራከሩለት በኡሁሩ ፓርክ ነበር።

የናይሮቢ መሬት ዋጋ በጨመረ ቁጥር ካሩራን የሚመኝ ይበዛል፤ መንገድ ላስፋ፣ ሕንጻ ላቁም የሚል አይጠፋም። ልዩነቱ፣ ዛሬ እንዲህ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት በደኑ የሚሮጠውን፣ ከሁሩማ ተቀጥሮ ደሞዝ የሚበላውንና በሕግ የታወቀውን ማኅበር አንድ ላይ ይጋፈጣል። በእኛም ከተሞች በየክረምቱ ስንት ችግኝ ተተከለ ይባላል። የካሩራ ሰዎች ሒሳባቸውን የሚዘጉት ግን ከዓመታት በኋላ ቆጥረው ነው። ጠባቂ የሌለው የከተማ ዛፍ፣ ካርታ ይዞ ለሚመጣ ሰው የተዘጋጀ ማገዶ መሆኑን ደማቸውን ከፍለው ተምረዋል።