በአንድ ወር የሚሸጥ ቤት

ቤት ሻጭ በገበያ ላይ ያለው ዋነኛ ኃይል መጠበቅ መቻሉ ነው። የቀረበለት ዋጋ ካላረካው እስከ መጪው ዓመት ይቆያል፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ከልክ በላይ ለማሳነስ አይደፍርም። አገር ለቅቆ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ከዚህ ኃይል ከፊሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የተባረሩት ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ግን ፈጽመው አጡት። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባራሪዎቹን ቁጥር ወደ 75 ሺህ ይገምታል።

የቤታቸው ዕጣ የተወሰነው ለጦርነቱ ተብሎ ባልወጣ ሕግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 390 እስከ 393 ባሉት ድንጋጌዎች የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር፤ በቅን ልቦና አፍርቶ ለተገኘው ግን ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ የስድስት ወር ጊዜ ይሰጠው ነበር። ለአርባ ዓመታት ገደማ ይህ ድንጋጌ እነዚህን ሰዎች አይመለከታቸውም ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ነበሩና። መንግሥት በ1993ቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ለመሳተፍ የተመዘገቡትን የኤርትራ ዜግነት እንዳገኙ ሲቆጥር፣ የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው የመራጭነት ምዝገባ የቤት ካርታቸውን ነካው። የተሰጣቸውም ጊዜ ስድስት ወር ሳይሆን አንድ ወር ሆነ።

አንድ ወር በቤት ገበያ ውስጥ ምን ማለት ነው? ለገዢ ማፈላለጊያ፣ ለዋጋ ድርድር፣ ለውልና ለስም ማዛወሪያ በሰላሙ ጊዜ እንኳ የሚበቃ አይደለም። በዚህ ላይ ሻጮቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ናቸው፤ ገዢው የሻጩን የጊዜ ገደብ ያውቃል፤ ሻጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአገር ውስጥ የለም። በአውቶቡስ ተጭኖ ድንበር የተሻገረ ሰው የሚሸጠው በወኪል ነው፤ ውክልና ለመስጠት እንኳ ፋታ ያላገኙ ነበሩ። ወኪሉ በስንት እንደ ሸጠ አሥመራ ሆኖ ማጣራት አይቻልም፤ ስልኩም መንገዱም ተዘግቷል።

ከሽያጩ የተገኘውም ገንዘብ ሁሉ ለባለቤቱ አልደረሰም። በአንዳንዶቹ ላይ መቶ በመቶ የሆነ «የቦታ ግብር» ተጥሏል። መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር የቤት ዋጋ ከግንባታው ወጪ በላይ የሚያወጣው በአመዛኙ የቦታው ዋጋ ነውና፣ መንግሥት ከዚህ ድርሻ ልውሰድ ቢል በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሚከራከር ኢኮኖሚስት ብዙ አይሆንም። ክርክሩ የሚነሣው ግብሩ በማን ላይ ተጣለ በሚለው ላይ ነው። በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት በሄግ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ ይህን ግብር አድልዎ ያለበት ሲል ኮንኖታል። ከዚያም በላይ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲታዩ ሕጋዊ ሊመስሉ የሚችሉ እርምጃዎች ተደራርበው ብዙ ተባራሪዎችን ሀብታቸውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን እንዳሳጧቸው አትቷል። ኤርትራም በፊናዋ የሚወጡ ኢትዮጵያውያንን ንብረት በመያዝና ሽያጩን በማደናቀፍ ተጠያቂ ሆናለች።

ካሣው የተሰላው ግን በአመዛኙ በመንግሥታት ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 በተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደ። ሁለቱ ሲቻቻሉ የሚቀረው ልዩነት 10.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ቤቱን በሩብ ዋጋ የሸጠ ሰው በዚህ ቅናሽ ውስጥ የት እንዳለ አይታይም።

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ክልከላ አነሣ። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖር የውጭ ፓስፖርት ያዥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት የቻለው በዚህ አዋጅ ነው። የአዋጁ ትርጓሜ ግን የኢትዮጵያ ዜግነቱን አጥቶ የኤርትራን ዜግነት ያገኘን ሰው ከመብቱ ውጭ ያደርገዋል፤ በአንድ ወር ውስጥ ሽጥ የተባለውንም ሰው ጭምር።