የባቢሎኑ ጸሐፊና የዘገየችው ምድር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ተረት አይደለምና «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የማወራችሁ ሸክላ ላይ ተጽፎ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነው።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 136 ዓመት። ባቢሎን አርጅታለች። ናቡከደነፆር ከሞተ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ከተማዋን የያዟት የጳርቴ ነገሥታት ናቸው፤ እነዚያ በበዓለ ሃምሳ ታሪክ ስማቸውን የምንሰማው። ንጉሥ ቢመጣ ንጉሥ ቢሄድ የማርዱክ ቤተ መቅደስ ሰማይ ተመልካቾች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ጨረቃ የት እንዳደረች፣ የትኛው ኮከብ ጠልቆ የትኛው እንደወጣ ይጽፋሉ። የገብስ ዋጋና የኤፍራጥስ ሙላት ሳይቀር እዚያው ይመዘገባል፤ የገበያው ወሬ ከሰማዩ ጋር!

እነዚህ ሰዎች የግርዶሽን ልማድ ደርሰውበታል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ 223 የጨረቃ ወራት፣ ማለትም 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ሲሞላ ግርዶሹ ተመልሶ እንደሚመጣ አዩ። የጨረቃው ብዙ አያስቸግርም። የፀሐዩ ነው አመለኛው፤ በዚያች 8 ሰዓት ምድር ሲሶ ዙር ትዞርና ጥላው ሌላ አገር ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ጠብቀው እንዳላዩት ሳያፍሩ ይጽፋሉ። እኔ የምወድላቸው ይህንን ነው።

በጁልያን አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ቀን ጠዋት ግን መጣላቸው። ቀንና ሌሊቱን 360 ቦታ ከፍለው ነበር የሚቆጥሩት፤ አንዱ በእኛ 4 ደቂቃ መሆኑ ነው። ፀሐይ ከወጣች 24 ሲቆጠር በደቡብ ምዕራብ በኩል ጠርዟ ተነካ። ሌላ 18 ሲቆጠር ጭራሽ ጠፋች። ቬነስና ሜርኩሪ ቦግ አሉ፤ ለፀሐይ ቀርበው በዚያ ሰሞን የማይታዩት ጁፒተርና ማርስም ብቅ አሉ። ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው 35 ተቆጠረ። እኔ ብሆን አፌን ከፍቼ እቀር ነበር፤ ጸሐፊው ቆጠራውን አልተወም።

ከዚያማ ባቢሎን ፈረሰች፣ ሸክላውም አፈር ለበሰ። ግርዶሽን መመዝገብ ግን አልቀረም፤ በፈረንጆቹ 1887 ቪየና ላይ የሥነ ፈለክ ሊቁ የቴዎዶር ፎን ኦፖልትሰር መዝገብ ታተመ፤ 8,000 የፀሐይና 5,200 የጨረቃ ግርዶሾች፣ በበጎ ፈቃደኞች እገዛ አንድ በአንድ በእጅ የተሰሉ! ሰውየው መጽሐፉን ሳያይ ቀደም ባለው ታኅሣሥ ሞቶ ነበር።

አሁን ጉዱን ስሙ። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሪቻርድ ስቲፈንሰን የዚያን የባቢሎን ጠዋት ግርዶሽ መልሶ አሰላው። ምድር ያኔም እንደዛሬው ትሽከረከር ከነበረ፣ ጥላው ማለፍ የነበረበት በባቢሎን ሳይሆን 49 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ፣ በሜዲትራኒያኗ ማዮርካ ደሴት በኩል ነው! ጸሐፊው ቀጠፈ እንዳይባል ሁለት ሸክላዎች አንድ ቃል ይናገራሉ። የተሳሳተው የምድር ሰዓት ነው፤ በሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ።

የዚህ ሁሉ ጠንቅ ጨረቃ ናት። ባሕሩን እየሳበች ከፍ ዝቅ ስታደርገው፣ ውሃው ከወለሉ ጋር እየተፋተገ የምድርን ሽክርክሪት እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ቀን በ100 ዓመት የሚረዝመው ሁለት ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ይቺ ደግሞ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ከ2,000 ዓመት በላይ በየቀኑ ስትጠራቀም ግን ጥላን ከአገር አገር ታሻግራለች።

በፈረንጆቹ 2006 የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ፍሬድ ኤስፔናክና ዣን ሚውስ የ5,000 ዓመት መዝገብ በኮምፒዩተር አወጡ፤ 11,898 የፀሐይ ግርዶሾች። ለጥንቱ ዘመን የምድርን መዘግየት የለኩት በነስቲፈንሰን ጥናት ነው፤ ሸክላዎቹን ይዘው ማለት ነው። መዝገቡ እስከ 3000 ይዘልቃል። የሚመጣውን ዘመን የሚመሰክር ሸክላ ግን የለምና፣ የሩቁ ግርዶሽ በየትኛው ከተማ እንደሚያልፍ ሲናገሩ የስህተት ወሰን ትተው ነው።