ፕላን ሲነገር መሬት ሊሄድ ነው ብሎ መስማት

አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. መነጋገሪያ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ የሚያወሩት ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ነበር። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ብዙ ገበሬ የሰማው ግን «መሬትህን ልቀቅ» የሚል ነው።

ይህን ተራ አለመግባባት ማለት ግፍ ነው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ጎረቤቱ በጥቂት ካሳ ከእርሻው ሲነሣ ያየ ሰው፣ የባለሙያን ሐሳብ እንዴት እንደ ምክር ይስማ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ለኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ የጠበቀው ልዩ ጥቅም እንኳ ዝርዝር ሕግ ሳይወጣለት ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

መንግሥትም በተራው ተቃውሞውን የሰማው ሥልጣን እንደሚነጥቅ ሴራ ነው። በሚያዝያ 2006 ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ «ፀረ ሰላም ኃይሎች» የሚል ስም ወጣላቸው። አምቦ ላይ በጥይት ሰው ሞተ።

በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ቁጣ ኦሮሚያን አዳረሰ። ክልሉን ያስተዳድር የነበረው ፓርቲ ኦሕዴድ በጥር ፕላኑ መሰረዙን ቢያስታውቅም ተቃውሞው አልበረደም፤ ጥያቄው ከካርታው አልፎ ማን ይወስናል ወደሚለው ደርሶ ነበርና።

በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ራሱ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር አጠቃለላቸው። ያኔም ቤታቸው የፈረሰባቸው ነዋሪዎች አቤት ብለዋል።