ሄምፕ ስንል ምን ማለታችን ነው?
«ሄምፕ» ያው ካናቢስ ነው፤ የለየው ሕግ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ-9 ቲኤችሲ ያለውን ተክል «ሄምፕ» ብሎ ሰየመው። ቲኤችሲ በአንጎል ውስጥ ሲቢ1 የተባለውን ተቀባይ ቀስቅሶ ያሰክራል። ሲቢዲ የተባለው ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር ደግሞ የአተሞቹ ዓይነትና ቁጥር ከቲኤችሲ ጋር አንድ ነው፤ አደራደራቸው ስለሚለይ ብቻ አያሰክርም። የሚገርመው ይኸው ነው።

«እንግዲያው ሄምፕ የተባለ ሁሉ አያሰክርም» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጥሬው አበባ ቲኤችሲን በብዛት የሚይዘው ቲኤችሲኤ በተባለ አሲድ መልክ ስለሆነ፣ ሲለካ ከገደቡ በታች የነበረው አበባ እሳት ሲነካው አሲዱ ወደ ቲኤችሲ ተለውጦ ሊያሰክር ይችላል። ከሲቢዲም ቢሆን በላብራቶሪ አሲድ ተጨምሮበት የሚያሰክረው ዴልታ-8 ቲኤችሲ ይወጣል። ሲቢዲ ራሱ አያሰክርም ማለትም ሰውነት ውስጥ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ለአንዳንድ ብርቅ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል።